ለናይራ ያልተጻፈው መልስ

ክንፉ ከአግዳሚው ተነስቶ ጀግናውን ሰደበው።

«አንተ ድንጋይ፣ ንገራት እንጅ። ከወንዝ ያወጣችህ እሷ፣ ቁስልህን ያሰረችልህ እሷ፣ አንተ ስትተኛ የምትጠብቅህ እሷ። ምን እስክትሆንልህ ነው የምትጠብቀው?»

ጀግናው ቶሬል አልሰማውም። ቶሬል ያለው ቲቪው ውስጥ ነው፤ ክንፉ ያለው ገዳሪፍ፣ በሱፊያን ጌም ቤት የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነው። በዚያ ቤት ግን ይህን ልዩነት ከቁም ነገር የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ከአስር ሶላት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን መጥበስ ስታቆም ሐበሾቹ እየመጡ ይሞሉታል። ከመጋዘን ጆንያ ሲያወርድ የዋለ አለ፣ ከመፋዛ እርሻ የመጣ አለ፣ መንገድ እስኪከፈትለት ዝም ብሎ የሚጠብቅ አለ። ጠዋት የኳስ ጌም ነው፤ ያን የፈለገ ይጫወተዋል። ከሰዓት በኋላ የታሪክ ነው። በታሪክ ሰዓት ጆይስቲክ የሚይዘው የቤቱ ባለቤት ሱፊያን ብቻ ነው፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል፣ ይሰማል። የሚሰማው ደግሞ ሸዋረጋን ነው።

ሸዋረጋ ከቲቪው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማይክ ይዛ ጌሙ በእንግሊዝኛ የሚናገረውን ሁሉ በአማርኛ ታወራለች። ንጉሡን ስትሆን ድምጿ ይጎረንናል። አሮጊቷን ስትሆን ይንቀጠቀጣል፤ ቶሬልን ስትሆን ይደርቃል። ከቶሬል ጋር አገር ለአገር የምትዞረውን ባለቀስት፣ ናይራን ስትሆን ግን ድምጿን አትለውጥም። ይህን ልብ ያለ ሰው ካለም እስካሁን አልተናገረም።

ያን ቀን ታሪኩ ከእሳት ዳር ደርሶ ነበር። ከአገሩ ተባርሮ የወጣው ቶሬል የአገሩን ተራራ ከሩቅ አይቷል። ልዕልቲቱ እዚያ ትጠብቀዋለች። ናይራ ቀስቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እሳቱን ታያለች።

«እንዲህ ትለዋለች፤» አለች ሸዋረጋ። «‹ቶሬል፣ አገርህ ስትገባ የሚቀበልህ አለ። እኔን ማን ይቀበለኛል?›»

እዚህ ላይ ጌሙ ይቆማል፤ ቶሬል ምን ይመልስላት እንደሆነ ተጫዋቹ እንዲመርጥ ሦስት መልስ ይደረድራል። ሱፊያን ተወልዶ ያደገው ገዳሪፍ ነው፤ የተማረው በዐረብኛ ነው፤ እንግሊዝኛ አያነብም። እንደ ልማዱ ፊቱን ሳያዞር ጠየቃት።

«ምን ምን አለ?»

«አንደኛው፣ ‹ይህን ነገ እናወራለን።› ሁለተኛው፣ ‹እሳቱን አጥፊው፣ ጠላት ያየናል።›» ቆመች። ሦስተኛው «ደክሞሻል፣ ተኚ» ይላል። አነበበችው። በልቧም ደገመችው። ከዚያ አፏ እሷን ሳያማክር ሄደ። «ሦስተኛው፣ ‹ከጎኔ አትራቂ። አንች ከሌለሽበት አገሬም አገር አይሆነኝ› ይላል።»

የሱፊያን አውራ ጣት ወደ አንደኛው ሄደ፣ ወደ ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛው ላይ ቆየ። ተጫነው።

ቤቱ ፈነዳ። ክንፉ ቆቡን ወደ ቆርቆሮው ወረወረ፤ ጎረቤቱን አቅፎ ሳመው። ቶሬል ቲቪው ውስጥ በደረቅ ድምፅ ተኚ ብሎ ፊቱን አዙሮ ነበር፤ ግን በጩኸቱ መሐል ማን ይሰማዋል። ሱፊያን ዞሮ አያት። ጌም ሲጫወት ዞሮ አያውቅም። ያያት ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ነው፤ እሷ ግን ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ ጉንጮቿ ሲግሉ ተሰማት። ለማን ነው የተጫነው? ለናይራ ነው ወይስ ለእኔ? ጥያቄው ከዚያን ሰዓት ጀምሮ እንደ ገባ እሾህ ውስጧ ተቀመጠ።

*

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የሸዋረጋን ሆድ ያወጣው ብቅል ሳይሆን ጌም ነው።

ጎንደር መምህራን ኮሌጅ ተምራ ገጠር እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። ውጊያው ትምህርት ቤቱን ሲዘጋው እሷም እንደ ሌላው በመተማ አድርጋ ጋላባት ወጣች፣ ከጋላባት ገዳሪፍ። መጀመሪያ ያገኘችው ሥራ በሐጂ ጀማሉ መጋዘን ግቢ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሰሊጥ ማበጠር ነበር። ሐጂ ጀማሉ የሱፊያን አባት ነው። ዮኒ የሚባለው የጌም ቤቱ የቀድሞ ተርጓሚ አንድ ቀን ሳይሰናበት መንገዱን ቀጠለ፤ ታሪኩ መሐል ላይ ተቆረጠ። ተመልካቹ ሊያምፅ ደረሰ። ሱፊያን ግራ ቢገባው ሰሊጥ ግቢው መጥቶ «ከእናንተ እንግሊዝኛ የምታነብ አለች?» ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ ሳቁ። ሸዋረጋ ሽፋሽፍቷ ላይ አቧራ እንደተቀመጠ እጇን አወጣች። እሱ ያን ቀን አልሳቀም። በማግሥቱ በርጩማውን በትራስ አለበሰላት፤ ማይኩ ሲግል እጇን እንዳያቃጥላት ጨርቅ ጠቀለለበት። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድም ቃል ሳይናገር ነው። እሷን የገደላት ያ ዝምታው ነው።

ጌሙ ውስጥ ለገባ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነበር። የሠሩት ሰዎች ናይራን የፈጠሯት እንድትከተል እንጂ እንድትወደድ አይደለም። ቶሬል ልዕልቲቱን ሲያናግር ምርጫው በማር የተለወሰ ነው። የነጋዴውን ልጅ ሲያናግር እንኳ አንድ ሁለት ጣፋጭ ቃል አይጠፋም። ናይራ ግን የልቧን ስትናገር የሚደረደርላት መልስ ወይ ሥራ ነው ወይ ዕንቅልፍ። ሸዋረጋ መጀመሪያ አዘነችላት። ቀጥላ ተናደደችላት። በመጨረሻ ከቶሬል መልሶች አንዱን ትንሽ ማለዘብ ጀመረች፤ ሱፊያንም ሁልጊዜ የለዘበውን ይመርጥ ነበር።

ከእሳት ዳሩ ታሪክ ማግሥት፣ እንደ ወትሮዋ ጠዋት ሰሊጥ ግቢው ውስጥ ወንፊቷን እየነቀነቀች ሳለ የሱፊያን እናት ሐጃ ረሒማ መጥታ ከአጠገቧ ተቀመጠች። ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልዳ በልጅነቷ እዚህ የተዳረች ሴት ናት። ሀብታም ብትሆንም ወንፊት መያዝ አትንቅም።

«ትላንት ጌም ቤት ሰርግ ነበር እንዴ? ጩኸታችሁ ቤቴ ድረስ ገባ።»

«ጌሙ ነው፣ ሐጃ።»

«ክንፉ ነገረኝ። ያች ባለቀስት ተሳካላት አለ።» ሐጃ ረሒማ ወንፊቱን ሁለት ጊዜ ነቅንቃ ቆሻሻውን ነፋችው። «ስሚኝ ልጄ። የአገሬ ልጅ ነሽ፣ የጠጣነው ውኃ አንድ ነው፤ ስለዚህ በዙሪያ አልናገርሽም። የልጄን ዓይን እናቱ ነኝና አውቀዋለሁ። ዳሊያ ዓርብ ትመጣለች። ኸርጡም ቤታቸው ፈርሶ እዚህ ከተጠጉ ወዲህ ሐጂ ለአባቷ ቃል ሰጥቷል። የተማረች ናት፣ የኛው እምነት፣ እናቷም ሐበሻ። አንችን ማተብሽን በጥሽ አልልሽም፤ ብትበጥሽውም አላከብርሽም። እኔም ደግሞ ልጄን አላጣም።»

«እኔ የጠየቅኩት ነገር የለም።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለች ሐጃ ረሒማ። «የጠየቀን ሰው እሽ ወይ እምቢ ይሉታል። ያልጠየቀን ምን ይሉታል?»

ተነስታ ቀሚሷን አራግፋ ሄደች። ሴቶቹ ሁሉ ያልሰሙ መስለው ሰሊጣቸውን ያበጥራሉ። ሸዋረጋ ታለቅሳለች ብለው ጠብቀው ይሆናል፤ እሷ ግን ያኔ የተሰማት ኀዘን አልነበረም። ሴትዮዋ እውነቷን ነው ብላ አሰበች፣ እውነትነቱም አበሳጫት። ያን ቀን ያበጠረችው ሰሊጥ ከሁሉም የጠራ ሆነ፤ ንዴት ለወንፊት ጥሩ ነው።

*

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያለው የቤተሰብ ሰዓት ነው። ሴቶች በግራ ይቀመጣሉ፣ ወንዶች በቀኝ። ዳሊያ ከሐጃ ረሒማ ጎን ተቀመጠች። ሸዋረጋ ክፉ ፊት ጠብቃ ነበር፤ የመጣችው ግን ቀይ ዳማ፣ ዓይኗ ሳቂታ፣ ኸርጡም የፋርማሲ ትምህርቷ መሐል ላይ የተቋረጠባት፣ በሄደችበት የሚያዋራት የምትፈልግ ልጅ ናት። ሸዋረጋን «ድምፅሽ እንዴት ያምራል» አለቻት። ለመጥላት አለመመቸቷ ራሱ ያስቆጣል።

ታሪኩ ቀጠለ። ናይራ ታመመች፤ ቶሬል ከአልጋዋ አጠገብ ቆመ። ምርጫ መጣ። ሸዋረጋ አንደኛውን በትክክል አነበበች። ሁለተኛው «ቶሎ ዳኚ፣ ሥራ አለን» ይላል። እሷ ግን «‹ዳኚልኝ። ያላንች መንገዱን አላውቀውም› ይላል» አለች።

«ላ ላ» አለች ዳሊያ እየሳቀች። «እንዲህ አይልም እኮ። ሥራ አለን ነው የሚለው።»

ክፋት አልነበረባትም። ልክ እንደ ተማሪ ነው የተናገረችው፤ ስህተት አይታ ያረመች መስሏታል። ቤቱ ግን እንደ ቀዘቀዘ ወጥ ረጋ። የሁሉም ዓይን ወደ በርጩማው ዞረ። ክንፉ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ሸዋረጋ፣ ምን እያለች ነው? እሳቱ ዳር ያለውስ? ‹አገሬም አገር አይሆነኝ› ያለውስ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሸዋረጋ ማስተባበል ትችል ነበር፤ የዳሊያ እንግሊዝኛ የከተማ ነው፣ የኔ ሌላ ነው ብትል ግማሹ ያምናታል። ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አላለም» አለች። «‹ተኚ› ነው ያላት።»

«ዋይ» አለ ክንፉ። ልጁ የሞተበት ሰው ይመስል ነበር። «እንግዲያ ናይራም አትወደውም?»

«ናይራ ያለችው ሁሉ እሷ ያለችው ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። ትወደዋለች። የጨመርኩት የሱን መልስ ነው።»

«ለምን?»

«ስላልተጻፈላት።»

ሳቅ ተነሳ፣ ማጉረምረምም ተነሳ። ዳሊያ የሳቀችበት አፏ ሳይዘጋ ከሸዋረጋ ወደ ሱፊያን፣ ከሱፊያን ወደ ሸዋረጋ አየች፤ የሆነ ነገር ገባትና ዓይኗን ወደ እጇ መለሰች። ሱፊያን ጌሙን አቆመው። «ኸላስ፣ ለዛሬ በቃ» አለ። የጌም ቤቱ ሰው እየተንሾካሾከ ሲወጣ ሸዋረጋ ከበርጩማዋ አልወረደችም። ፊቷ እየነደደ ነበር፤ ግን ቀና እንዳለ ነበር።

ከቤቱ ጀርባ ረኩባ የሚሉት የሣር ዳስ አለ፤ የሶላሩ ባትሪና የውኃ ማሰሮዎች እዚያ ይቀመጣሉ። ሱፊያን እዚያ ጠራት። ቀኑ ገና ብሩህ ነው፤ በአጥሩ ቀዳዳ የገበያው ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ይታያል። ተፋጠው ቆሙ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነው።

«ከሥራ አስወጥተኸኝ ከሆነ በአማርኛ ንገረኝ» አለች። «ዐረብኛዬ ለዚህ አይደርስም።»

«አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሦስተኛው ምን እንደሚል።» ሱፊያን መሬቱን እያየ ነበር። «ጌሙን ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሲጫወተው፣ ከሥሩ በዐረብኛ ተጽፎ። ታሪኩን ቀድሜ ለማወቅ ብዬ አይደለም። የምትይው ነገር እዚያ ውስጥ ያለ አልመስል አለኝ። ሳየው የለም። ያንችን ቃል ብቻ ፈልጌ ነው በየቀኑ የምጫወተው።»

ሸዋረጋ የረኩባውን እንጨት ያዘች። ለቀናት ዕንቅልፍ የነሳት እሾህ በአንድ ጊዜ ተነቀለ፤ የተነቀለበት ቦታ ደስታ ይሁን ሕመም መለየት አቃታት።

«አውቀህ ነው እንግዲህ የተጫንከው?»

«ወላሂ፣ አውቄ ነው።»

በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ሰምታ አታውቅም። እሱም በዚህ ቢያቆም ምን ነበረበት። አላቆመም።

«እንዲሁ እንቀጥል፣ ሸዋረጋ። እባክሽ። ከሰው ምን አለን? አንች እዚያ ትቀመጫለሽ፣ እኔ እዚህ። ይህ ጌም ሲያልቅ ሌላ ታሪክ አመጣለሁ። አባቴ ቃል ሰጥቷል፣ ያን መመለስ አልችልም። ግን ዳሊያን ባገባም ጌም ቤቱ ይኖራል። በየቀኑ ከአስር በኋላ...»

«በየቀኑ ከአስር በኋላ ትወደኛለህ፤» አለች ሸዋረጋ ቀስ ብላ። «ከዚያ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ቲቪውን ታጠፋና ወደ ቤትህ ትገባለህ።»

«እንደሱ ማለቴ...»

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል። እንደሱ ነው ያልከው። እኔ ድንበር የተሻገርኩት ባላ ለመሆን አይደለም።» የረኩባውን እንጨት ለቀቀችው። «ናይራን ሰዎች ፈጥረዋት ነው፤ ተከተይ ሲሏት ትከተላለች፣ አፏን በልክ ሰፍተውላታል። እኔን ማንም አልጻፈኝም። ነገ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ቃሉን እንዳለ አነባለሁ፣ አንዲት ፊደል አልጨምርም። ሲያልቅ በራሴ አፍ እጠይቅሃለሁ። በራስህ አፍ ትመልስልኛለህ።»

«ሰው ፊት?» አለ ሱፊያን። ፊቱ አመድ ለበሰ።

«ሰው ፊት። በጓዳ የተናገርከውን ሁሉ ጆይስቲክም ይናገረዋል።»

ጥላው ሄደች። ደስ አላት፣ ፈራች፣ ተቆጣች። ከሦስቱ የቱ እንደሚበልጥ ሳታውቀው ቤቷ ደረሰች። እወዳታለሁ ብሎ እስከ አፉ ጫፍ ደርሷል፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ሰው አንድ እርምጃ ያቅተዋል ወይ?

*

ቅዳሜ ጌም ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ወሬው ገበያውን አዳርሶ ስለነበር ጌም አይተው የማያውቁ የሰሊጥ ሴቶች ሳይቀሩ መጥተዋል። ሐጃ ረሒማ ከፊት ተቀመጠች። ዳሊያም ከጎኗ ነበረች፤ ዛሬ አትስቅም።

ሸዋረጋ እንዳለችው አደረገች። ንጉሡን ስትሆን ድምጿን አላጎረነነችም፤ ሁሉንም በአንድ ድምፅ፣ እንደ ተጻፈው አነበበችው። ቶሬል ጠላቶቹን አሸነፈ። የአገሩ በር ተከፈተ። ልዕልቲቱ ነጭ ለብሳ ወጣች። ናይራ በሩ ሥር ቆመች፤ ቀስቷን ከትከሻዋ አወረደች።

«‹የኔ መንገድ እስከዚህ ነው› ትለዋለች። ‹ደህና ሁን፣ ጌታዬ።›»

ሦስት ምርጫ ተደረደረ። ሱፊያን ምን ምን አለ ብሎ አልጠየቀም። እሷ ሳትጠየቅ አነበበችው። «አንደኛው፣ ‹አመሰግናለሁ።› ሁለተኛው፣ ‹ደህና ሁኚ።› ሦስተኛው ዝምታ ነው።»

«በቃ?» አለ ክንፉ።

«በቃ።»

«አንድ ቃል ጨምሪላት። ስለ እመብርሃን፣ ውሸትም ቢሆን ጨምሪላት። እናውቃለን እኮ ውሸት መሆኑን። ግድ የለም።»

«ጨምሪላት፣ ጨምሪላት» አሉ ከኋላ። ትላንት ያጉረመረሙት ናቸው። ከሰሊጥ ሴቶቹ አንዷ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር። ሸዋረጋ ልቧ ተነካ። አንድ ቃል ብትጨምር ሱፊያን እንደሚጫነው ታውቃለች፤ ቤቱ በእልልታ ይሞላል፣ ክንፉ ቆቡን ይወረውራል፣ ነገም እንደ ትላንት ይሆናል። በጣም ቀላል ነበር።

«ለሱ መልስ መፍጠር ደክሞኛል» አለችና ማይኩን በርጩማው ላይ አስቀመጠችው። ሄዳ በሱፊያንና በቲቪው መሐል ቆመች።

«ሱፊያን፣ ይህ የናይራ ቃል አይደለም። የኔ የሸዋረጋ ነው። እወድሃለሁ። ማተቤን አልበጥስም፤ አንተንም እምነትህን ተው አልልህም። አንድ ላይ እንዴት እንደሚኖር አላውቅም፤ ግን የሚወዱ ሰዎች ሲፈልጉት ያገኙታል ብዬ አምናለሁ። ትወደኝ እንደሆነ እዚህ ንገረኝ። አትወደኝም እንደሆነ እሱንም እዚህ ንገረኝ፤ እችለዋለሁ።»

ሱፊያን ጆይስቲኩን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። ዓይኑ ወደ እናቱ ሄደ፣ ወደ ዳሊያ ሄደ፣ ተመልሶ እሷ ላይ አረፈ። ዓይኑ ውስጥ ሁሉም ነገር ነበር። ሸዋረጋ አየችው፤ ሌላ ሰው ባያይም እሷ አየችው፤ ለዚህም ነው እስኪናገር የጠበቀችው። ከንፈሩ ተላቀቀ።

«ሸዋረጋ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰዎቹ ይሂዱና እንነጋገር።»

ከኋላዋ ቲቪው ውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ። በዚህ ጌም መልስ ያዘገየ ሰው ዝምታን እንደ መረጠ ይቆጠራል። ቶሬል ናይራን በሩ ላይ ትቶ ወደ ውስጥ ገባ። ማንም አልሰደበውም፤ ክንፉ እንኳ አልሰደበውም። ሁሉም የሚያየው ጆይስቲክ የያዘውን ሰው ነበር።

ሐጃ ረሒማ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«አንተ ልጅ፣ እምቢ በላት። ለአባትህ እሽ ያልክበት አፍ አለህ፤ በዚያው አፍ እምቢ በላት። ይህችን ሰው ፊት አቁመህ ዝም ልትላት ነው? እኔ እንዲህ አላሳደግኩህም።»

ሱፊያን እምቢ አላለም። እሽም አላለም። ዳሊያ ሻሿን አስተካክላ በሁለቱ መሐል ስታልፍ ለአፍታ ቆማ አየችው።

«የጠየቅኩህ እኔ ብሆን ኖሮ» አለችው፣ «አፍህ ይከፈት ነበር?» መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

ሸዋረጋ ትንሽ ጠበቀችው። አንድ እርምጃ ያህል፣ አንድ ቃል ያህል ጠበቀችው። በጣም አሳዘናት፤ እጁን ይዛ ቃሉን ልታበድረው ሁሉ ቃጣት። እጇን መለሰችው።

«ከሰው በኋላ የሚነገር ነገር የለኝም» አለችው። «የነበረኝን ሁሉ ተናግሬዋለሁ።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ውጭ ፀሐዩ ገና አልወረደም፤ ገበያው በጩኸቱ ነው። ክንፉ እየሮጠ ደረሰባት።

«አሁን የት ትሄጃለሽ? ነገ ጠዋት ወደ ከሰላ የምትወጣ መኪና አለች። የማውቀው ሰው ነው የሚነዳት፣ ላናግርልሽ?»

«ለምን እሄዳለሁ?»

«አይ... ሰው አፍ መግባቱ... አያሳፍርሽም ብዬ ነው።»

ሸዋረጋ ቆመች። ጥያቄው ተገቢ ነበርና ከልቧ መረመረችው። ደረቷ ውስጥ ፈለገች። የተሰበረ ነገር አገኘች፤ ያ ሲያማት ይኖራል። እንባም አገኘች፤ ቤቷ ስትደርስ ታፈሰዋለች። ሐፍረት ግን የሚገኝበት ቦታ ሁሉ ፈልጋ አጣችው።

«ሰኞ ሰሊጥ አለብኝ» አለችው። «የሚያፍር ካለ ገዳሪፍን እሱ ይልቀቅላት።»

ወደ ቤቷ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ በአጥሮቹ ጀርባ ሰው የማይበዛበት ነው። ሸዋረጋ ነጠላዋን ከራሷ ወደ ትከሻዋ አወረደችና በገበያው መሐል ሄደች።